ኩባንያው ተሸጠ፣ ሙያው ደንዲ ቀረ

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1989 በስኮትላንዷ ደንዲ ከተማ፣ ዲ.ኤም.ኤ. ዲዛይን በሚባል ገና ጀማሪ የቪዲዮ ጌም ስቱዲዮ ውስጥ አንድ ክርክር ተነሣ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ጥያቄው በኮምፒውተር ስክሪን ላይ አንድ ሰው ሰው መስሎ እንዲታይ ስንት ነጥብ ይበቃዋል የሚል ነበር። ስኮት ጆንስተን ጎኑም ቁመቱም 16 ነጥብ ካልሆነ አይሆንም ባይ ነው። ማይክ ዴይሊ ግን ግማሹ ይበቃል ብሎ በምሳ ሰዓት ቁጭ አለና ስምንት በስምንት በሆነች ካሬ ውስጥ የሚራመድ ሰው ሣለ። ጠቅላላው 64 ነጥብ ነው፤ ከዚያም ላይ ሰውየው የያዘው ከፊሉን ብቻ ነው። ዴይሊ እነዚህን ትንንሽ ሰዎች በሰልፍ እየነዳ አናታቸው ላይ ከባድ ጭነት ሲወድቅባቸው የሚያሳይ አጭር ተንቀሳቃሽ ሥዕል ሠራ። ጋሪ ቲመንስ አካሄዳቸውን አስተካከለው፤ ቢሮው በሳቅ ሞላ። ከመካከላቸው ረስል ኬይ ነው ይህ ነገር ጌም ይወጣዋል ያለው፤ ሌሚንግስ የሚለውንም ስም ያወጣው እሱ ነው።

ሌሚንግስ በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1991 ለአሚጋ ኮምፒውተር ወጣ። ተጫዋቹ ትንንሾቹን ሰዎች እንዳሻው አያዝዛቸውም። እነሱ በራሳቸው ይሄዳሉ፤ ግድግዳ ሲገጥማቸው ዞረው ይመለሳሉ፤ ገደል ሲያገኙ ዝም ብለው ይገባሉ። የተጫዋቹ ድርሻ ለአንዱ ቁፋሮ፣ ለሌላው ደረጃ መሥራት፣ ለሦስተኛው መንገድ መዝጋት እያለ ከስምንት ሙያዎች አንዱን ማደል ነው፤ የአንዱ ሙያ ለብዙዎቹ መትረፊያ ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን ብቻ 55,000 ቅጂ ተሸጠ። ከዚያ በፊት ስቱዲዮው የሠራው ሜነስ የተባለው ጌም በጠቅላላው 20,000፣ ቀጥሎ የመጣው ብለድ መኒ ደግሞ 40,000 ያህል ነበር የተሸጠው።

ይህን ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከመሥራቹ ከዴቪድ ጆንስ ነው። አንድ ብሩህ ወጣት ከሥራ ተሰናበተ፣ ኮምፒውተር ገዛ፣ ጌም ሠራ፣ ዓለም አወቀው ይሉናል። ከዚህ ውስጥ ሐሰት የለም። ነገር ግን ትረካው ሰውየውን አጉልቶ የቆመበትን መሬት ይሰውርብናል። እኔ እዚህ የምሟገትለት ነገር ዲ.ኤም.ኤ. ዲዛይንን የወለደው ከአንድ ሰው ጭንቅላት ይልቅ በከተማው የተጠራቀመ ዕድል ነው የሚል ነው፤ ርካሽ ማሽን፣ ማሽኑን የሚሠራ ፋብሪካ፣ ወጣቶች ማታ የሚሰበሰቡበት ክበብ፣ በቅርብ ያለ ኮሌጅ። ከዚህም የሚከተል ነገር አለ። ስቱዲዮው ሲሸጥ፣ ስሙ ሲፋቅና ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር ሙያው ደንዲን ያልለቀቀው፣ ቀድሞውኑ የኩባንያው ንብረት ስላልነበረ ነው።

ደንዲን ለማወቅ ከጆንያ መጀመር ይሻላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከተማይቱ ከቤንጋል የሚመጣውን የጁት ጭረት ፈትላ፣ ሸምና፣ ጆንያና ሸራ አድርጋ ለዓለም ትሸጥ ነበር። የሽመና ፋብሪካዎቹ የሚቀጥሩት በብዛት ሴቶችን ነው፤ ክፍያቸው አነስተኛ ስለነበር። ብዙ ባሎች ቤት ውለው ሻይ የሚያፈሉባት ከተማ ስለነበረች ደንዲ የሴቶች ከተማ የሚል ስም ወጥቶላታል። ሌላው የታወቀችበት ሥራ ማርማላታና ኅትመት ነው፤ የብሪታንያ ልጆች ትውልድ በትውልድ ያነበቧቸው ዳንዲና ቢኖ የተባሉት የሥዕል መጽሔቶች በ1937 እና በ1938 የተጀመሩት እዚሁ ነው። ጁቱ ሥራው ወደ ቤንጋል እየተመለሰ ሲከስም፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካው የሰዓት ኩባንያ ታይሜክስ መጣና ቦታውን ያዘ። ደቃቅ ነገር ሳይሳሳት የሚገጥም እጅ ፈልጎ ያገኘውም በእነዚሁ ሴቶች ዘንድ ነው። በ1970ዎቹ ታይሜክስ ደንዲ ውስጥ እስከ 7,000 ሰው ቀጥሮ ያሠራ ነበር።

ከዚያ የእጅ ሰዓት ገበያ ተለወጠ፤ ታይሜክስም ያንኑ መሥመርና ያንኑ እጅ ለሌላ ሥራ አከራየ። ክላይቭ ሲንክሌር የተባለው እንግሊዛዊ የፈጠራ ሰው ኮምፒውተሮቹን የሚገጥምለት ይፈልግ ነበር። በኤፕሪል 1982 የወጣው ዜድ ኤክስ ስፔክትረም የተገጣጠመው በደንዲ ነው። ማሽኑ ከመጽሐፍ ብዙም የማይበልጥ ጥቁር ሳጥን ነው፤ ቁልፎቹ ግራጫ ላስቲክ ናቸው፤ ስክሪኑ የቤት ቴሌቪዥን፣ ማከማቻው የካሴት ክር ነው። የትንሹ ዋጋ 125 ፓውንድ ነበር። በዚያን ጊዜ ቢሮዎች የሚገዟቸው ኮምፒውተሮች የዚህን ብዙ እጥፍ ያወጡ ነበርና ልዩነቱ ቀላል አልነበረም። ከዋጋው በላይ ደግሞ አስተዋይ ሊያየው የሚገባ አንድ ጠባይ ነበረው። ስፔክትረም ሲበራ ጌም ወይም ሥዕል አያቀርብም፤ ባዶ ገጽ ከፍቶ ትእዛዝ ጻፍልኝ ብሎ ይጠብቃል። ለጨዋታ የገዛው ልጅ እንኳ ካሴቱን ለማስነሣት አንድ የትእዛዝ ቃል መስጠት ነበረበት። እንዲህ ያለ ማሽን ለልጁ መጫወቻም መጻፊያም ሆነ።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይመጣል። ስፔክትረም በመላ ብሪታንያ በሚሊዮኖች ተሸጧል፤ ታዲያ ምክንያቱ ማሽኑ ከሆነ ለምን በየመንደሩ ሌሚንግስ አልተፈጠረም? መልሱ በየቦታው ተፈጥሯል የሚል ነው ማለት ይቻላል። የዲ.ኤም.ኤን ጌሞች ያሳተመው ሳይግኖሲስ የሊቨርፑል ኩባንያ ነው፤ በኋላ ስቱዲዮውን የገዛው ግሬምሊን የሼፊልድ ነው። ሊቨርፑል ወደቧ፣ ሼፊልድ ብረት ማቅለጫዋ የተዳከመባቸው ከተሞች ናቸው። ወጣቱ የአባቱን ሥራ የማያገኝበት፣ ግን ቤቱ ውስጥ አንድ ርካሽ ኮምፒውተር ያለበት ከተማ ሁሉ የየራሱን ስቱዲዮ አወጣ። ደንዲን ከእነዚህ የሚለያት መጠኑ ነው። ማሽኑ ከሱቅ ብቻ አልመጣም፤ አክስት ወይም ጎረቤት የሚሠሩት ነገር ነው። በፋብሪካው ጓሮ በር ሾልከው የወጡ ስፔክትረሞች በከተማው ይዘዋወሩ እንደነበር ደንዲዎች ዛሬም ይናገራሉ። ጆንስ ራሱ በታይሜክስ የምህንድስና ተለማማጅ ነበር።

ማሽን ብቻውን ግን ሰው አያሠለጥንም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በኪንግስዌይ ቴክኒክ ኮሌጅ የኮምፒውተር አማተሮች ክበብ ነበረ። ጆንስ፣ ዴይሊ፣ ኬይና ስቲቭ ሃሞንድ የተገናኙት እዚያ ነው። የዚህን ክበብ ዋጋ የሚያውቅ፣ ያለ አስተማሪ ሙያ ለመያዝ የሞከረ ሰው ነው። አንድ ልጅ ቤቱ ብቻውን ሆኖ ሳምንት የሚታገለውን ችግር ክበቡ ውስጥ ያለው ሌላ ልጅ ትናንት ፈትቶት ይሆናል፤ ኮዱን አሳይቶት ይሄዳል። አንዱ የሠራውን ሌላው ያየዋል፤ ሲያየው ይህማ እኔም አያቅተኝም ይላል። ዴይሊ ለጆንስተን በ64 ነጥብ የሰጠው መልስ የዚያው የክበብ ጠባይ ቅጥያ ነው። በክርክር የተጀመረ ነገር የሚፈታው ሠርቶ በማሳየት ነበር።

በ1986 ታይሜክስ ሠራተኛ ሲቀንስ ጆንስ በፈቃዱ ለመሰናበት ተስማማና በስንብት ገንዘቡ አሚጋ 1000 ገዛ። በዚያው ከተማ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ገብቶ ኮምፒውተር ሳይንስ እየተማረ በጎን ሜነስን ሠራ፤ በ1988 ሳይግኖሲስ አሳተመለት። የስቱዲዮው ስም የተወሰደው ከአሚጋው የቴክኒክ መጽሐፍ ነው፤ ሦስቱ ፊደላት አንድ የኮምፒውተሩ ክፍል ከዋናው አንጎል ፈቃድ ሳይጠይቅ ቀጥታ ከማኅደረ ትውስታው ጋር የሚነጋገርበትን ዘዴ ያመለክታሉ። የስንብት ገንዘብን ለመጠባበቂያ ከማኖር ይልቅ በማሽን ላይ ማዋል ድፍረት ይጠይቃል፤ የጆንስን ድፍረት ማሳነስ ፍትሕ አይሆንም። ሆኖም ያ ድፍረት ፍሬ ያፈራው ከሥር ብዙ ነገር ተነጥፎለት ስለነበር ነው። ቴክኒኩን የለመደው ፋብሪካ ውስጥ ነው፣ ጓደኞቹን ያገኘው ክበብ ውስጥ ነው፣ በከተማው ያለው ትምህርት ቤት ተቀብሎታል።

በዚህ ክርክር ውስጥ ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ሌላ ተቃውሞ ነው። የፋብሪካው መሥመር ላይ ማሽኑን በእጃቸው የገጠሙት ሴቶች የት ገቡ? ከክበቡም ሆነ በኋላ ከወጣው ታሪክ ውስጥ ስማቸው የለም። ሌሚንግስ ለስቱዲዮው ገንዘብ ባመጣባቸው ዓመታት በታይሜክስ የቀሩት ሠራተኞች በጃንዋሪ 1993 በቅነሳና በደመወዝ ምክንያት የሥራ ማቆም አድማ መቱ። ኩባንያው ከ300 በላይ ሰዎችን በአንድ ጊዜ አባሮ በምትካቸው ሌሎችን በአውቶቡስ እያስገባ ማሠራት ጀመረ። በፋብሪካው በር ላይ ለወራት በየጠዋቱ የተባረሩት፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ተሰልፈው አውቶቡሶቹን ይጠብቁ ነበር። በኦገስት ላይ ታይሜክስ ጠቅልሎ ዘግቶ ሄደ። የእነዚህ ሴቶች ዕጣ ክርክሬን አያፈርሰውም፤ ግን እንዳርመው ያስገድደኛል። ማሽኑ በእጅ ማለፉ ብቻ አይበቃም። ሴቲቱ የማሽኑን ሆድ ዕቃ በደቂቃዎች ውስጥ ገጥማ ለቀጣዩ ታሳልፋለች፤ ቀኑ ሲያልቅ የልጆች እራት ይጠብቃታል። ወጣቱ ግን ያንኑ ማሽን ማታ ከፍቶ እስከ ንጋት ሊያፈጥበት ይችላል። ስለዚህ ዕድል ስል ትርፍ ጊዜንም ማለቴ ነው፤ ያ ጊዜ ደግሞ በዚያች ከተማ ለወንድና ለሴት እኩል አልታደለም። ስቱዲዮውን ከጠፋው ፋብሪካ አመድ የተነሣ ተአምር አድርጎ የሚያቀርብ ጽሑፍ ሁሉ ይህን ሒሳብ ሳያወራርድ ያልፋል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ስቱዲዮው አድጎ ብዙ ነገር ሞከረ። ለኒንቴንዶ በ1994 የሠራው የባለ አንድ ጎማ ብስክሌት ውድድር፣ የአኒሜሽን ፊልም ኩባንያው ፒክሳር ብስክሌቷ በፊልሜ ውስጥ ያለችውን ትመስላለች ብሎ ስለከሰሰ እንደገና ሳይታተም ቀረ። የከበደው ግን በ1995 ሬስ ኤንድ ቼዝ በሚል ስም የተጀመረው ሥራ ነው። ከላይ ወደ ታች በሚታይ ከተማ ውስጥ ፖሊስና ሌባ የሚሳደዱበት የመኪና ጌም ነው። ሥራው ረጅም ጊዜ አልያዝ ብሎ ከመሰረዝ አፋፍ ደርሶ ነበር። በስቱዲዮው የነበረው ጋሪ ፔን በኋላ እንደተናገረው ያዳነው አንድ የኮድ ስህተት ነው። የፖሊሶቹን መኪና የሚመራው ክፍል ተሳስቶ ተጫዋቹን በጨዋነት በማስቆም ፋንታ መኪናውን ሰንጥቀው ሊያልፉ ይመስል ይላተሙት ጀመር። ጌሙን የሚሞክሩት ሰዎች ተልዕኮውን ትተው ከፖሊስ ማምለጡን ብቻ ወደዱት። ሠሪዎቹም ስህተቱን ከማጥፋት ይልቅ ጌሙን በስህተቱ ዙሪያ መልሰው አዋቀሩት። በ1997 መጨረሻ ሲወጣ ስሙ ግራንድ ቴፍት ኦቶ ሆኖ ነበር።

ይህ ጌም ገና ሳይወጣ በዚያው ዓመት ሜይ ላይ በብሪታንያ የጌቶች ምክር ቤት ተነሥቶ ነበር፤ መኪና መስረቅንና ከፖሊስ መሸሽን ለልጆች ያስተምራል ተብሎ። ጩኸቱን ያጋጋለው የአሳታሚው ወገን የቀጠረው ማክስ ክሊፈርድ የተባለ የሕዝብ ግንኙነት ሰው መሆኑ ዛሬ የታወቀ ነው። ስጋቱን ግን በዚህ ብቻ ውድቅ ማድረግ አይገባም። ለአዋቂ የተሠራ ጌም በልጅ እጅ ሲገባ ወላጅ መጨነቁ ትክክል ነው፤ በኋላ የመጡት ቅጂዎች የያዙት ጭካኔና ለሴቶች ያላቸው ንቀት በጥበብ ስም የሚሸፈን አይደለም። ይሁንና የዚህ ጌም ኃይል ከወንጀሉ ነው የመጣው የሚለውን አልቀበልም። ከዚያ በፊትም በኋላም በደም የተሞሉ ጌሞች ብዙ ነበሩ፤ አብዛኞቹ ተረስተዋል። ሰውን የያዘው ከተማው መልስ የሚሰጥ መሆኑ ነው። መንገደኛው ይሸሻል፣ አምቡላንሱ ይመጣል፣ ተጫዋቹ ዝም ብሎ ቢቆም እንኳ ትራፊኩ በራሱ ይሄዳል። ሌሚንግስን የተመለከተ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሁለቱም ላይ በራሳቸው ሕግ የሚንቀሳቀሱ ብዙ ትንንሽ ፍጡሮች አሉ፤ ተጫዋቹ ጣልቃ ገብቶ ሥርዓታቸውን ሲነካካ ምን እንደሚሆን ያያል። ከስምንት በስምንቷ ካሬ እስከዚህ ድረስ አንድ የሥራ ልማድ ይታየኛል።

ከዚያ ሽያጩ ተከታተለ። ግሬምሊን በ1997 ስቱዲዮውን በ4.2 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ፤ በ1999 የፈረንሳዩ ኢንፎግራምስ ግሬምሊንን ራሱን ጠቀለለ፤ በዚያው ዓመት ኢንፎግራምስ ዲ.ኤም.ኤን ለአሜሪካው ቴክ-ቱ በ11 ሚሊዮን ዶላር አሳልፎ ሸጠ። ጆንስ ለቀቀ። ሥራው ወደ ኤዲንብራ ተዛወረ፤ በ2002 ስሙ ሮክስታር ኖርዝ ሆነ፤ የደንዲው ቢሮ ተዘጋ። የዚህ ስቱዲዮ ሥራ የሆነው አምስተኛው ግራንድ ቴፍት ኦቶ በ2013 ሲወጣ በሦስት ቀን ውስጥ አንድ ቢሊዮን ዶላር አስገባ። የ11 ሚሊዮኑን ዋጋ ከዚህ አጠገብ አስቀምጦ የሚያይ የደንዲ ሰው ቢቆጨው አይፈረድበትም።

ቀጣዩ ተቃውሞ የሚነሣው ከዚህ ነው። ዓለምን የለወጠው በ2001 የወጣው ሦስተኛው ግራንድ ቴፍት ኦቶ ነው፤ እሱ ደግሞ የተሠራው በኤዲንብራ፣ በኒውዮርኩ ቴክ-ቱ ገንዘብና ሥራውን ከዚያ ሆነው በመሩት በሃውዘር ወንድማማቾች ጣዕም ነው፤ ደንዲ ምን አገባት? ይህ ክብደት ያለው ነጥብ ነው። የኒውዮርኩ ገንዘብ ባይኖር፣ ታሪኩን፣ ሙዚቃውንና ድባቡን ያቀረቡት ሰዎች ባይገቡበት ጌሙ ያ አይሆንም ነበር። ነገር ግን ጌሙ ሲወጣ በሽፋኑ ላይ የነበረው የሠሪው ስም አሁንም ዲ.ኤም.ኤ. ዲዛይን ነው። ጌሙን ከሠሩት መካከል ሌስሊ ቤንዚስ፣ አሮን ጋርበት፣ አዳም ፋውለርና ሆላንዳዊው ኦቤ ፈርማይ ከዚያ በፊት አብረው የሠሩት በ1998 በወጣው ስፔስ ስቴሽን ሲሊከን ቫሊ ላይ፣ በደንዲ ነው። የገጠማቸውን ችግርም እንመልከት። ፕሌይስቴሽን 2 የነበረው ማኅደረ ትውስታ 32 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ከተማው በሙሉ አይገባበትም። ስለዚህ ተጫዋቹ ሲነዳ ከፊቱ ያለው ሰፈር ከዲስኩ እየተነበበ፣ ከኋላው የቀረው እየተጣለ መሄድ አለበት። ተጫዋቹ በጣም ሲፈጥን ዲስኩ አልደርስ ይልና መንገዱ ባዶ ይሆናል። ፈርማይ እንደገለጸው አንዱ መላ ተጫዋቹ ፍጥነቱን እንዲቀንስ መንገዶቹን ማጠማዘዝ ነበር። ትልቅ ነገርን ለትንሽ ዕቃ የመቁረጥ ሙያ 48 ኪሎባይት በነበረው ስፔክትረም ላይ ያደገ ትውልድ ሙያ ነው።

ፈርማይ የተናገረው ሌላም አለ። ሰማዩ ላይ ጨረቃ ሲያስቀምጥ ሠዓሊዎቹ ከፊሉ ትነስ፣ ከፊሉ ትተልቅ አሉት። እሱም ተጫዋቹ በአልሞ ተኳሽ ጠመንጃ ጨረቃዋን በተኮሰ ቁጥር መጠኗ እንዲለወጥ አድርጎ፣ እናንተው አይታችሁ ወስኑ አላቸው። ሳይወስኑ ጌሙ ወጣ፤ ጨረቃዋም በቀጣዮቹ ቅጂዎች ላይ ሳይቀር ስትተኮስ መጠኗን ትለውጥ ነበር። ክርክርን ሠርቶ በማሳየት መፍታት ኤዲንብራም ድረስ ተከትሏቸው ሄዷል።

በደንዲ የቀረውስ? ጆንስ በኢንስቲትዩት ስሙ የተማረበት ትምህርት ቤት አበርቴይ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ በ1997 በዓለም የመጀመሪያ የሚባለውን የኮምፒውተር ጌም ቴክኖሎጂ ዲግሪ ከፈተ። በ2002 ጆንስ በዚያው ከተማ ሪልታይም ወርልድስን አቋቋመ፤ ኩባንያው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሰባሰበ በኋላ በ2010 ዓለም የጠበቀው ጌሙ ወድቆ ከሰረ። በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ሥራ አጣ። በዚህ ውድቀት ላይ የደንዲ ነገር አበቃ ያሉ ነበሩ፤ ነገር ግን ከሥራ የወጡት ሰዎች በየአቅማቸው ትንንሽ ስቱዲዮ ከፈቱ ወይም በነበሩት ተቀጠሩ። ለጌም ማጫወቻ መሣሪያዎች የወጡትን የማይንክራፍት ቅጂዎች የሠራው ፎር ጄ ስቱዲዮስም ከዚህችው ከተማ ነው። ኩባንያ ሲከስር ባለሙያው አብሮት የሚበተንበት ከተማና ጎረቤት ቢሮ ገብቶ ሥራ የሚጠይቅበት ከተማ አንድ አይደሉም።

ማይክ ዴይሊና ረስል ኬይ ከዓመታት በኋላ ዮዮ ጌምስ በተባለው የደንዲ ኩባንያ እንደገና አብረው ሠሩ። ዮዮ የሚያዘጋጀው ጌምሜከር የተባለ ፕሮግራም ነው፤ ብዙ ኮድ የማያውቅ ሰው የራሱን ጌም እንዲሠራበት የታሰበ መሣሪያ ነው። በዓለም ዙሪያ የታወቀው አንደርቴል፣ በአብዛኛው የአንድ ሰው ሥራ የሆነው ጌም፣ በ2015 የወጣው ከዚህ ፕሮግራም ነው። ይህም ኩባንያ በተራው ተሸጧል፤ በ2021 የኖርዌዩ ኦፔራ ገዝቶታል። ፕሮግራሙን ከፍቶ የመጀመሪያ ሰውዬውን ልሣል የሚል ልጅ ፊቱ የሚመጣለት በነጥብ የሚሞላ ትንሽ ባዶ ካሬ ነው።